ዶክተር ኸርማን ስኔለንና የስለቱ ሥፍራ

በየሐኪም ቤቱ ግድግዳ ተሰቅሎ ከላይ ወደ ታች እያነሰ የሚሄደውን የፊደል ገበታ በመካከላችን የማያውቀው የለም። ይህን ገበታ ያወጡት ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ዶክተር ኸርማን ስኔለን ናቸው። እኛ ዛሬ ታሪካቸውን ለመጻፍ የተነሣነው ግን ስለ ገበታው ብቻ ሳይሆን ብዙ ስለማይነገርለት ሌላ ሥራቸው ነው።

ስኔለን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1834 ዓ.ም. ዘይስት በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ። በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1858 በዶክተርነት ከተመረቁ በኋላ መምህራቸው ፍራንስ ዶንደርስ ባቋቋሙት የዓይን ሆስፒታል ገብተው ሠሩ። ገበታውን ያወጡት በ1862 ነው። እያንዳንዱ ፊደል በተመደበለት ርቀት ሲታይ በዓይን ላይ የሚሠራው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ አንድ አሥራ ሁለተኛ እንዲሆን ስለ ቀመሩት፥ የማየት ኃይል በግምት መነገሩ ቀርቶ በቍጥር የሚለካ ሆነ። ፊደል ላልቈጠረ ሰውም ሦስት ጣት የመሰለችውን የላቲን ኢ ወደ አራት አቅጣጫ እያዞሩ የሚያሳዩበት ገበታ በእርሳቸው ስም ይጠራል።

እኛን ይልቁንም የሚያስደንቀን በ1869 የጻፉት ነው። መምህራቸው ዶንደርስ አስቲግማቲዝምን አጥብቀው አጥንተው ነበር። ይኸውም ኮርኒያ የሚባለው የዓይን መስተዋት እንደ ኳስ በሁሉም በኩል እኩል መጕበጡ ቀርቶ በአንዱ አቅጣጫ ሲበዛበት፥ ምስሉ በአንድ ነጥብ መሰብሰብ አቅቶት የሚደበዝዝበት ጕድለት ነው። ስኔለን ደግሞ ስንጥቁ ይበልጥ በጐበጠው አቅጣጫ ላይ ቢደረግ ጕብጠቱን ሊቀንሰው እንደሚችል አመለከቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይን ሞራ ለማውጣት የኮርኒያው ጠርዝ ሲሰነጠቅ፥ ቍስሉ ባለበት አቅጣጫ ኮርኒያው ይላላና ይዘረጋል፤ በተሻጋሪው አቅጣጫ ግን ይጐብጣል። ስንጥቁ በረዘመ መጠን ለውጡም ይበዛል። የሽማግሌ ዓይን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጕብጠቱ የሚበዛው በአግድም ነው። ስለዚህ ከላይ፥ ከቅንድቡ በኩል ቢሰነጠቅ አስቲግማቲዝሙ ይብስበታል፤ በጆሮ ግንዱ በኩል ቢሰነጠቅ ይቀንስለታል። ይህም ሆኖ ከላይ መሰንጠቅን የሚመርጥ ሐኪም ብዙ ነው። የላይኛው ቆብ ቍስሉን ይሸፍንለታል፤ ከበሽተኛው ራስጌ መቀመጥም ልማዱ ነው። ወንበርን ከራስጌ ወደ ጎን ማዞር ይህን ያህል ከባድ ነውን?

ነገሩ ለአገራችን ቀላል አይደለም። በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። በገጠር ዘመቻ በብዛት የሚሠራውም ስድስት ወይም ሰባት ሚሊሜትር የሚሆን፥ ያለ ስፌት የሚዘጋ ስንጥቅ ነው። አንድ የላስታ ሽማግሌ ሞራው ተነሥቶለት፥ ዋሻ ውስጥ ወዳለው ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ እናስብ። ብርሃኑን አግኝቷል፤ ነገር ግን የድንጋዩ ደረጃ ጠርዝ ተደርቦ ይታየዋል። መነጽር ያድርግ እንዳንል፥ አስቲግማቲዝም የሚያርመው መነጽር እንደ እያንዳንዱ ዓይን አቅጣጫ ተለክቶ የሚሠራ እንጂ ከገበያ አንሥተው የሚያደርጉት አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው መነጽሩ የሚሠራለት በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ፥ ስለቱ ባረፈበት ሥፍራ ነው።

ስኔለን በ1877 ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1884 ዶንደርስን ተክተው ሆስፒታሉን መሩ። በ1908 አረፉ። ልጃቸውም በዚያው ሆስፒታል በአባታቸው ወንበር ተተክተው የዓይን ሕክምናውን ቀጠሉ።