ኢታሎ ስቬቮ

ኢታሎ ስቬቮ (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1861 – ሴፕቴምበር 13 ቀን 1928) የጣልያንኛ ልብ ወለድ ጸሐፊና ነጋዴ ነበር። ትክክለኛ ስሙ ኤቶሬ ሽሚትዝ ሲሆን፣ ይበልጥ የሚታወቀው በ1923 ባሳተመው «የዜኖ ሕሊና» በተባለው ልብ ወለድ ነው። ሲጋራ ለመተው ዕድሜ ልኩን ታግሎ አልተሳካለትም፤ ትግሉ ግን ለዋና ድርሰቱ መነሻ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

ስቬቮ የተወለደው ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችው የወደብ ከተማ በትሪየስቴ፣ ከአይሁዳዊ ነጋዴ ቤተሰብ ነው። በልጅነቱ ጀርመንኛና ንግድ እንዲማር ባቫሪያ ውስጥ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። «ጣልያናዊው ሽዋብ» የሚል ትርጉም ያለውን የብዕር ስም የመረጠውም ሁለቱ ባህሎች ስለተዋሐዱበት ነው። የአባቱ ንግድ በመክሰሩ በ1880 በአንድ የቪየና ባንክ የትሪየስቴ ቅርንጫፍ ተቀጥሮ 19 ዓመት ያህል ሠራ። በ1892 እና በ1898 ያወጣቸውን ሁለት ልብ ወለዶች ከቁም ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። ከ1899 ጀምሮ የመርከብ ቀለም በሚያመርተው የአማቶቹ ፋብሪካ ገባ፤ ድርሰትንም የተወ መሰለ።

ለንግድ ጉዞው እንግሊዝኛ ስላስፈለገው በ1907 አስተማሪ ቀጠረ። አስተማሪው በዚያን ጊዜ ብዙም የማይታወቀው አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ ነበር። ጆይስ የተማሪውን ሁለት የተረሱ መጻሕፍት አንብቦ ማድነቁ ስቬቮን እንደገና አበረታታው።

የመጨረሻው ሲጋራ

በ1896 ሊቪያ ቬኔዚያኒን ከማግባቱ በፊት ለእጮኛው ብሎ በጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ማጨስ ለማቆም የገባቸው ቃሎች ተደጋግመው ይገኛሉ። ቃሉን ይገባል፣ ያፈርሳል፣ ይናዘዛል፣ አዲስ ቀን ይቆርጣል። ከጋብቻ በኋላም ለሚስቱ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ያው ጉዳይ አልቀረም።

«የዜኖ ሕሊና» ይህንኑ ታሪክ አስፍቶ ያቀርባል። ባለታሪኩ ዜኖ ከስቬቮ ጋር አንድ ሰው ነው ማለት አይቻልም፤ ሱሱ ግን የደራሲው ነው። ዜኖ የቀረበለትን ዘዴ ሁሉ ለመሞከር ዝግጁ ነው። የመጨረሻውን ሲጋራ ያጨሰበትን ቀን በመጻሕፍት ገጾችና በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይጽፋል፤ ቤት ሲለቅ ግድግዳውን በራሱ ወጪ ለማልበስ ይገደዳል። የ1899 ዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀንን የመሰሉ፣ ቁጥራቸው የሚያምር ቀኖችን ይመርጣል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ የኤሌክትሪክ ሕክምና ይወስዳል። በገንዘብ ይወራረዳል። በመጨረሻ ወዶና ፈቅዶ ክሊኒክ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ነገር ግን ሚስቱን በሐኪሙ ጠርጥሮ፣ ጠባቂዋን ነርስ በኮኛክ አስክሮ፣ በዚያው ሌሊት ያመልጣል።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ የከሸፉት ዜኖ ስላልሞከራቸው አይደለም። የመጨረሻ ነው ተብሎ የሚጨስ ሲጋራ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይጣፍጠዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ዘዴ አንድ ተጨማሪ የመጨረሻ ሲጋራ ያስገኝለታል። ሱሱ የሲጋራው ይሁን የውሳኔው ለመለየት ያስቸግራል። ይህ አስቂኝ የሚመስል ነጥብ ማጨስ ለማቆም ሞክሮ ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ዛሬ የሚታወቀው የኒኮቲን ማስቲካ የተሠራው ስቬቮ ካረፈ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ፣ በስዊድን ነው። በእሱ ዘመን ለአጫሹ የቀረው በአብዛኛው የራሱ ፈቃድና የሐኪሞች ግምት ነበር።

ልብ ወለዱ የተዋቀረው አንድ የሥነ ልቦና ሐኪም ዜኖን የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ አዝዞት ነው። ስቬቮ የሲግመንድ ፍሮይድን ሥራዎች አንብቧል፤ ሆኖም በሕክምናው ብዙ አልተማመነም። የሚስቱ ወንድም ቪየና ድረስ ሄዶ በፍሮይድ ዘንድ ታክሞ ሳይሻለው መመለሱ ለዚህ ጥርጣሬ ሳይረዳው አልቀረም።

ዝናና ሞት

«የዜኖ ሕሊና» በጸሐፊው ወጪ ታትሞ መጀመሪያ ላይ እንደ ቀደሙት ችላ ተባለ። ጆይስ ግን መጽሐፉን ለፓሪስ ሃያስያን አስተዋወቀ፤ በጣልያን ደግሞ ወጣቱ ገጣሚ ኤውጀኒዮ ሞንታሌ በ1925 ስለ ስቬቮ ጻፈ። ስቬቮ ዝና ሲያገኝ ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበር።

በሴፕቴምበር 1928 ከሚስቱና ከልጅ ልጁ ጋር ሲጓዝ ሞታ ዲ ሊቨንዛ አካባቢ መኪናቸው አደጋ ደረሰበት። በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ ሲጋራ ጠይቆ እንደተከለከለ፣ እሱም ይህኛው በእውነት የመጨረሻው እንደሚሆን እንደተናገረ ይነገራል። ሲጋራው አልተሰጠውም። ሴፕቴምበር 13 ቀን አረፈ፤ አራተኛ ልብ ወለዱንም ሳይጨርሰው ቀረ።