ሠዓሊው ቢህዛድ

በዛሬዪቱ አፍጋኒስታን ምዕራባዊ ክፍል የምትገኘው የሄራት ከተማ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ቋንቋና የሥዕል ጥበብ የለሙባት ታላቅ መዲና ነበረች። በዚህች ከተማ አድገው ስማቸው ከገናናዎቹ ጠቢባን ተርታ ከተመዘገበላቸው ሰዎች አንዱ ሠዓሊው ከማሉዲን ቢህዛድ ነው። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢህዛድ የተወለደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። በሕፃንነቱ ወላጆቹን በሞት ስላጣ፣ ሚራክ ነቃሽ የተባለ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ወስዶ አሳደገው፤ ጥበቡንም አስተማረው። በዚያን ጊዜ ከ1469 እስከ 1506 ሄራትን ይገዛ የነበረው ሱልጣን ሁሴን ባይቀራ ጥበብን የሚወድ ንጉሥ ነበር። የንጉሡ ባለሟል የሆነው ባለቅኔው ሚር ዓሊ ሺር ነዋዒም ለወጣቱ ሠዓሊ ድጋፉን አልነፈገውም።

በቤተ መንግሥቱ የመጻሕፍት ቤት አንድ መጽሐፍ የሚዘጋጀው በብዙ ሰዎች ድካም ነበር። አንዱ ወረቀቱን በልስልስ ድንጋይ እየፈተገ ያለሰልሳል፤ ሌላው ግጥሙን በተዋበ የእጅ ጽሑፍ ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ኅዳጉን በወርቅ ያስጌጣል። ሠዓሊውም ጸሐፊው በተወለት ባዶ ስፍራ ላይ፣ ከእንስሳት ጠጉር በተሠራ ቀጭን ብሩሽ ይሥላል። ሰማያዊው ቀለም ባዳክሻን ከሚባለው ተራራማ አገር ከሚመጣ የከበረ ድንጋይ ተፈጭቶ ይዘጋጅ ነበር።

ከቢህዛድ በፊት የነበሩት ሠዓሊዎች በአብዛኛው ቀደም ሲል የተሣሉትን ሥዕሎች እንደ ናሙና ይከተሉ ስለነበር፣ ነገሥታቱም አፍቃሪዎቹም መልካቸው ተመሳሳይ ነበር። ቢህዛድ ግን የሰውን አቋምና እንቅስቃሴ በጥሞና ተመለከተ። የባለቅኔው ኒዛሚ የፍቅርና የጀግንነት ግጥሞች በ1494 ገደማ በተገለበጡበት መጽሐፍ ውስጥ፣ የእርሱ እንደሆነ የሚታመን አንድ የቤተ መንግሥት ግንባታ ሥዕል አለ። በዚህ ሥዕል የሚታየው ንጉሡ ሳይሆን ጭቃ የሚያቦካው፣ ጡብ የሚያቀብለውና በመሰላል የሚወጣው ሠራተኛ ነው። ለነገሥታት በሚዘጋጅ መጽሐፍ ውስጥ የድካመኛውን ሰው ሥራ በዚህ ሁኔታ ማሣየት ትልቅ እርምጃ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው በ1488 ለሱልጣኑ በተዘጋጀው «ቡስታን» በተባለ የግጥም መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው የዩሱፍና የዙለይኻ ሥዕል ነው። ታሪኩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዩሱፍ በኦሪትም በቁርዓንም የሚነገርለት፣ ወንድሞቹ የሸጡትና በግብፅ በባርነት የኖረው ዮሴፍ ሲሆን፣ ዙለይኻ ደግሞ የጌታው ሚስት ናት። ቡስታንን የደረሰው በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሳዒዲ ነው። ነገር ግን የሄራቱ ባለቅኔ ጃሚ በ1483 ይህንኑ ታሪክ ረዘም አድርጎ፣ ፍቅርን ከመንፈሳዊ ትርጉም ጋር አዋሕዶ ጽፎት ስለነበር፣ ቢህዛድ የሥዕሉን ሐሳብ ከጃሚ ግጥም ወሰደ።

በጃሚ ታሪክ ዙለይኻ ሰባት ክፍሎች ያሉት ቤተ መንግሥት ታሠራለች። ዩሱፍንም ከክፍል ወደ ክፍል እየመራች፣ በሮቹን ከኋላዋ እየቈለፈች ወደ መጨረሻው ክፍል ታስገባዋለች። ቢህዛድ ይህን ሁሉ በአንዲት ገጽ አስገባው። ደረጃዎቹ ከወዲያ ወዲህ ተጣጥፈው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በሮቹም ሁሉ ዝግ ናቸው። ተመልካቹ ዓይኑን ከታች ወደ ላይ ሲያነሣ በዚያ ቤት ውስጥ ራሱ የሚጓዝ ይመስለዋል። ከላይ ባለው ክፍል ዙለይኻ ቀይ ልብስ ለብሳ፣ እጅዋን ዘርግታ ልትይዘው ትወረወራለች፤ አረንጓዴ የለበሰውና በራሱ ዙሪያ የወርቅ ነበልባል ያለው ዩሱፍ ደግሞ ያመልጣል።

ባለቅኔው በግድግዳው ላይ የሁለቱ ምስል ተቃቅፈው ተሥለው እንደነበር ተርኳል። ቢህዛድ ግን ያን ትቶ ግድግዳውን በሐረግና በልዩ ልዩ ቅርጽ ብቻ አስጌጠው። በቤቱም ውስጥ ከሁለቱ በቀር አንድም ሰው አልሣለም። ስለዚህ የሥዕሉ ጥያቄ ጎልቶ ይታያል፤ በሩ ሁሉ በተዘጋበትና የሚያይ ሰው በሌለበት ስፍራ ሰው ለኅሊናው ይታመናልን? ዩሱፍ ፈጣሪው እንደሚያየው አውቆ ሸሸ። በዚህም ሠዓሊው የግጥሙ ተከታይ ብቻ ሳይሆን ተርጓሚም መሆኑን አስመሰከረ።

ሱልጣን ሁሴን በ1506 ከሞተ በኋላ የሄራት ሰላም ደፈረሰ። በ1507 የኡዝቤኮቹ መሪ ሸይባኒ ኻን፣ በ1510 ደግሞ የፋርሱ ንጉሥ ሻህ እስማኤል ከተማዪቱን ያዙ። ነገሥታት ሲፈራረቁ ቢህዛድ ብሩሹን አልጣለም። በስተርጅናውም ወደ ተብሪዝ ከተማ ተዛውሮ የንጉሡ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆነ፤ የሄራትን ጥበብ ለአዲሱ ትውልድ አስተላለፈ። ዝናው ግን ከነቀፋ አላዳነውም። በህንድ የሙጋል መንግሥትን የመሠረተው ባቡር የቢህዛድን ረቂቅነት ቢያደንቅም፣ ጢም የሌላቸውን ሰዎች ፊት አሳምሮ አይሥልም ሲል በማስታወሻው ነቅፎታል።

ቢህዛድ በ1535 ገደማ አረፈ። ስሙ እጅግ ከመግነኑ የተነሣ ሌሎች ሰዎች በራሳቸውና በሌሎች ሥዕል ላይ የእርሱን ስም ይጽፉ ስለነበር፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ለሊቃውንት አስቸጋሪ ሆነ። በካይሮ የሚገኘው የ1488ቱ ቡስታን ግን የእጁ ሥራ መሆኑ ስለታመነበት ለሌሎቹ መመዘኛ ሆኖ ያገለግላል። ሄራትን ለመያዝ የተዋጉት ነገሥታት ኃይል አልፏል፤ ወላጅ አልባው ልጅ በወረቀት ላይ የሣላቸው ዝግ በሮች ግን ከ500 ዓመታት በኋላም ተመልካቹን ስለ ታማኝነት ይጠይቁታል።