ፍራንክ ጁልያን ስፕሬግ

ፍራንክ ጁልያን ስፕሬግ (ጁላይ 25 ቀን 1857 – ኦክቶበር 25 ቀን 1934 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኮንን፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። በ1888 በሪችመንድ ከተማ፣ ቨርጂኒያ፣ ሥራ ያስጀመረው መስመር በሰፊው አገልግሎት የሰጠ የመጀመሪያው ስኬታማ የኤሌክትሪክ ትራም መስመር ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ አሳንሰርና በከተማ ባቡሮች አነዳድ ላይ ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል። በዚህም የተነሳ የኤሌክትሪክ መጓጓዣ አባት ይባላል። ሥራው ባቡርን በኤሌክትሪክ በማንቀሳቀስ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የሚንቀሳቀሰውን ነገር በሰላም ማቆም ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ያልተለየው ጥያቄ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በእ.ኤ.አ. ናቸው።

የልጅነትና የትምህርት ዘመን

ስፕሬግ የተወለደው በሚልፎርድ፣ ኮኔቲከት ነው። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞተችበት። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ስለሄደ፣ በኖርዝ አዳምስ፣ ማሳቹሴትስ የምትኖር አክስቱ አሳደገችው። በትምህርት ቤት በሒሳብ ጎበዝ ነበር። በ1874 በአናፖሊስ የሚገኘውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ተቀላቅሎ በ1878 ተመረቀ።

በመርከብ ላይ በሚያገለግልበት ጊዜ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ያጠና ነበር። ላንካስተር በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ የመጥሪያ ደወል ዘርግቷል፤ ይህም በአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። በ1882 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተካሄደው የኤሌክትሪክ ዐውደ ርዕይ ላይ የዳኞች ጸሐፊ ሆኖ ዳይናሞዎችንና መብራቶችን የመፈተን ዕድል አገኘ። በዚያው ቆይታው በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ይጓዝ ነበር። ባቡሩ በእንፋሎት የሚሠራ በመሆኑ ዋሻው በጭስ የታፈነ ነበር። ስፕሬግ ይህን አይቶ ባቡርን በኤሌክትሪክ የማንቀሳቀስ ሐሳብ አደረበት።

ከኤዲሰን ጋር

በ1883 ከባሕር ኃይል ለቆ በቶማስ ኤዲሰን ድርጅት ተቀጠረ። ኤዲሰንና ረዳቶቹ ለከተማ መብራት የሚያስፈልገውን የሽቦ ውፍረት የሚወስኑት አነስተኛ ሞዴል እየሠሩ በመሞከር ነበር። ስፕሬግ ውጤቱን በሒሳብ ስሌት አስቀድሞ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ። ሆኖም የድርጅቱ ትኩረት መብራት፣ የእርሱ ፍላጎት ደግሞ ሞተር ስለነበር አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ ለቀቀ። በ1884 የራሱን የኤሌክትሪክ ባቡርና ሞተር ኩባንያ አቋቋመ።

በእነዚህ ዓመታት ሁለት ነገሮችን አሻሻለ። አንደኛው የሞተር አገጣጠም ነው። የሞተሩን አንድ ጎን በመንኮራኩሩ አክስል ላይ፣ ሌላውን ጎን በስፕሪንግ አማካይነት በሠረገላው አካል ላይ አንጠለጠለው። በዚህ መንገድ ሐዲዱ ጎርባጣ ቢሆንም የሞተሩና የአክስሉ ማርሾች ሳይለያዩ ይነካካሉ።

ሁለተኛው ፍሬንን የሚመለከት ነው። ሞተር ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ይሽከረከራል፤ በውጭ ኃይል ሲሽከረከር ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስፕሬግ ባቡሩ ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ እንደ ዳይናሞ ሆኖ ኃይሉን ወደ መስመሩ እንዲመልስ አደረገ። ይህን ዘዴ በኒው ዮርክ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ በሚሄደው የከተማ ባቡር መስመር ላይ ሞከረው። ሙከራውን ለማየት ከመጡት አንዱ የመስመሩ ባለሀብት ጄይ ጉልድ ነበር። እንደሚተረከው፣ በአጠገቡ ያለ ፊውዝ በድንገት ሲቃጠል በጣም ስለደነገጠ ዳግመኛ ፍላጎት አላሳየም።

ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረው ፍሬን

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ከተሞች ትራም በአብዛኛው የሚጎተተው በፈረስና በበቅሎ ነበር። ፍሬኑ በእጅ የሚጠብቅ ነበር። ነጂው ከፊት ባለው መድረክ ላይ ይቆማል። ከፊቱ ቀጥ ብሎ የተተከለ የብረት ዘንግ አለ፤ በላይኛው ጫፉ የማዞሪያ እጀታ፣ በታችኛው ጫፉ ሰንሰለት ተያይዞበታል። ነጂው እጀታውን ሲያዞር ሰንሰለቱ በዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ከወለሉ በታች ያሉትን ማንሻዎች ይስባል። ማንሻዎቹም ጫማ የሚባሉትን የብረት ቁራጮች በመንኮራኩሮቹ ላይ ይጫናሉ። የትራሙ የእንቅስቃሴ ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። በዘንጉ ሥር ባለጥርስ ጎማና በእግር የሚረገጥ መያዣ ስላለ፣ የጠበቀው ፍሬን እጅ ሲለቀው ተመልሶ አይፈታም።

ይህ መሣሪያ የአንድን ሰው ጉልበት ብዙ ጊዜ ያባዛል። ለምሳሌ የእጀታው ርዝመት 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሰንሰለቱ የሚጠመጠምበት ዘንግ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሰንሰለቱ የሚሳበው ነጂው ከገፋበት ኃይል 12 እጥፍ በሚሆን ኃይል ነው፤ ማንሻዎቹ ደግሞ ይህንን የበለጠ ያበዙታል። ነገር ግን ኃይሉ በበዛ ቁጥር እጀታው ብዙ መዞር አለበት፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትራም ነጂው ለ3 ሰከንድ እጀታ ሲያዞር ከ12 ሜትር በላይ ይጓዛል።

በፈረስ ዘመን ይህ ብዙም አላስቸገረም። ሠረገላው ቀላል፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ነበር። እንስሳቱም ራሳቸው ጋሪውን ወደ ኋላ ይዘው ይረዱ ነበር። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ግን ሠረገላው ሞተር ተጭኖበት ከበደ፤ ፍጥነቱም ጨመረ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

የሪችመንድ መስመር

በ1887 ስፕሬግ በሪችመንድ አዲስ የትራም መስመር በኤሌክትሪክ ለማሠራት ውል ፈረመ። ውሉ ወደ 19 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ፣ 40 ትራሞች፣ በእያንዳንዱ ትራም ሁለት በድምሩ 80 ሞተሮች እና 375 የፈረስ ጉልበት ያለው የኃይል ማመንጫ የሚያካትት ነበር። ሥራው በ90 ቀናት መጠናቀቅ ነበረበት፤ ክፍያው 110,000 ዶላር ሲሆን የሚከፈለውም መስመሩ በሚገባ ከሠራ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን የሚያህል የኤሌክትሪክ ትራም መስመር በየትም ቦታ አልነበረም። በጀርመን ቨርነር ፎን ሲመንስ በ1879 ባቡርን በኤሌክትሪክ አንቀሳቅሶ ያሳየ ቢሆንም፣ የተሠሩት መስመሮች አነስተኛ ነበሩ።

ውሉ ከተፈረመ በኋላ ስፕሬግ በታይፎይድ ታሞ ተኛ። ሲያገግም ሄዶ ሐዲዱን ባየው ጊዜ ደነገጠ። አዘረጋጉ የለብ ለብ ነበር፤ ኩርባዎቹ ጠባብ፣ መሬቱም ሸክላማ ጭቃ ነበር። ከሁሉ የከፋው ዳገቱ ነው። በአንዳንድ ቦታ ሐዲዱ በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ 10 ሜትር ያህል ከፍ ይል ነበር። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ 5 ቶን የሚመዝን ትራም በግማሽ ቶን ያህል ኃይል ወደ ታች ይጎተታል። ሐዲዱ በዝናብ ወይም በጭቃ ሲረጥብ ደግሞ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል።

ስፕሬግ ትራሙ ዳገቱን በራሱ ኃይል መውጣት መቻሉን ለማወቅ ከረዳቱ ጋር በሌሊት ሙከራ አደረገ። ትራሙ ወጣ፤ ከከፍታው ላይ ግን ሞተሩ በሙቀት ተበላሸ። ተመልካች ተሰብስቦ ስለነበር ስፕሬግ ውድቀቱ እንዳይታወቅ መሣሪያ እንዲመጣለት ላከ፤ ሰዉ ተበትኖ ሲያልቅ የመጡት መሣሪያዎች ትራሙን ጎትተው የመለሱ በቅሎዎች ነበሩ። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ከአክስሉ ጋር የሚገናኝባቸው ማርሾች ተለውጠው ኃይሉ እንዲጨምር ተደረገ። ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ምሰሶም ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ከተሞከረ በኋላ ነው የተስተካከለው።

መስመሩ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1888 ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ለስፕሬግ ግን ሥራው ኪሳራ ነበር፤ ያወጣው ወጪ ከውሉ ዋጋ በብዙ አሥር ሺህ ዶላር በለጠ።

የእጅ ፍሬኑ ለምን አልቀረም?

ሞተርን ወደ ኃይል ማመንጫነት የቀየረ ሰው የሰንሰለትና የብረት ጫማ ፍሬንን ከናካቴው ያስቀረዋል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። ሆኖም በቀደሙት የኤሌክትሪክ ትራሞች ላይ የእጅ ፍሬን አልተነሳም። ምክንያቱ ከሞተሩ ባሕርይ የሚመነጭ ነው። ሞተር እንደ ዳይናሞ ሆኖ የሚያግደው እየተሽከረከረ ሳለ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የማገድ ኃይሉም ይጠፋል። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ የቆመን ትራም እንደቆመ ሊይዘው አይችልም። ኃይልን ወደ መስመር የሚመልሰው ዘዴ ደግሞ ትራሙ ከሽቦው ጋር መገናኘቱን ይጠይቃል፤ በዚያ ዘመን ምሰሶው ከሽቦው መውጣቱ የተለመደ ነበር። ሰንሰለቱና ጫማው ግን ሽቦ ኖረም አልኖረም ይሠራሉ።

ነጂዎች በአደጋ ጊዜ የሞተሩን አቅጣጫ ወደ ኋላ ይቀይሩ ነበር። ይህ ትራሙን በፍጥነት ቢያዘገይም ማርሾችን ሊሰብር፣ ሞተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። በሐዲዱ ላይ ደረቅ አሸዋ መርጨትም የተለመደ ዘዴ ነበር። ጥሩ ነጂ ፍሬኑን ከልክ በላይ አያጠብቅም ነበር፤ መንኮራኩሩ ጨርሶ ከታሰረ በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል፣ የማቆም ኃይሉም ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል። የተንሸራተተው መንኮራኩር በአንድ ጎኑ ተልጎ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ከዚያ በኋላ በዞረ ቁጥር ይንኳኳል።

ትራሞች እየከበዱ ሲሄዱ የአንድ ሰው ክንድ አልበቃ አለ። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ከ1869 ጀምሮ ለእንፋሎት ባቡሮች የሠራው የአየር ፍሬን ቀስ በቀስ ወደ ትራሞችም ገባ። የአየር ፍሬን ቢጨመርም ያው የብረት ጫማ መንኮራኩሩን መጫኑን ቀጠለ፤ የእጅ ፍሬኑም መጠባበቂያና የቆመ ትራም መያዣ ሆኖ ኖረ።

ከሪችመንድ በኋላ

በ1888 የቦስተን ትራም ኩባንያ ኃላፊ ሄንሪ ዊትኒ ሪችመንድን ጎበኘ። ዊትኒ ትራሞቹን ከምድር በታች በሚሳብ ገመድ ለማሠራት አስቦ ነበር። ጥርጣሬው ብዙ ትራሞች በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ቢነሱ መስመሩ ይችላል ወይ የሚል ነበር። ስፕሬግ በሌሊት 22 ትራሞችን በተርታ አቁሞ አንዱ ከሌላው ተከታትለው እንዲነሱ አደረገ። የመስመሩ ቮልቴጅ በጣም ቢወርድም ሁሉም ተንቀሳቀሱ። ዊትኒ ኤሌክትሪክን መረጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦስተን የኤሌክትሪክ ትራም ጀመረች። ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈረስና በቅሎ ከትራም ሥራ መውጣት ጀመሩ።

በ1890 የኤዲሰን ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የስፕሬግን ኩባንያ ገዛው። የስፕሬግ ስም ከመሣሪያዎቹ ላይ እንዲነሳ በመደረጉ ቅር ተሰኝቶ ኩባንያውን ለቀቀ።

አሳንሰርና የተጣመሩ ባቡሮች

ከዚያ በኋላ ከቻርልስ ፕራት ጋር የኤሌክትሪክ አሳንሰር ኩባንያ መሠረተ። አሳንሰር ቀጥ ባለ ዳገት ላይ እንደሚሄድ ባቡር ነው፤ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን በትክክለኛው ፎቅ ላይ መቆሙና ከልክ በላይ ሲፈጥን መታገዱ ወሳኝ ነው። ስፕሬግ በእነዚህ ላይ ብዙ ማሻሻያ አድርጎ በ1895 ኩባንያውን ለኦቲስ ሸጠ።

ብዙ አሳንሰሮችን ከአንድ ቦታ ሲቆጣጠር ያገኘውን ሐሳብ ወደ ባቡር አመጣው። እያንዳንዱ ሠረገላ የራሱ ሞተር ይኖረዋል፤ ሁሉንም ግን አንድ ነጂ ከፊት ሆኖ ያዛቸዋል። በጁላይ 1897 በስኬነክታዲ፣ ኒው ዮርክ ሲሞከር የ10 ዓመት ልጁ ባቡሩን ነድቶ አሠራሩ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታየ። በዚያው ዓመት በቺካጎ የደቡብ ከተማ መስመር ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ የምድር ውስጥ ባቡሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መርህ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

በጃንዋሪ 1902 ኒው ዮርክ ውስጥ በፓርክ አቬኑ ዋሻ አንድ የእንፋሎት ባቡር የማቆሚያ ምልክት አልፎ ቆሞ የነበረ ባቡር ገጨ፤ ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ። ዋሻው በጭስና በእንፋሎት ስለታፈነ ምልክቱን ማየት አስቸጋሪ ነበር። አደጋው በከተማው የእንፋሎት ባቡር እንዲከለከል ምክንያት ሆነ። ስፕሬግ የግራንድ ሴንትራል ጣቢያን መስመሮች ወደ ኤሌክትሪክ በለወጠው ኮሚሽን ውስጥ ሠራ፤ ከዊልያም ዊልገስ ጋርም ሰው በቀላሉ እንዳይነካው የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ነደፈ።

በኋላም ነጂው የአደጋ ምልክት ቢያልፍ ፍሬኑ በራሱ እንዲይዝ የሚያደርግ የባቡር መቆጣጠሪያ ለመሥራት ለዓመታት ደከመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይል አማካሪ ቦርድ አባል ነበር። በ1910 የኤዲሰን ሜዳሊያን፣ በ1921 የፍራንክሊን ሜዳሊያን ተሸልሟል።

ስፕሬግ በ77 ዓመቱ ኒው ዮርክ ውስጥ አርፎ በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበረ። ባለቤቱ ሃሪየት የባሏ ሥራ በኤዲሰን ዝና እንዳይሸፈን በ1947 መጽሐፍ አሳትማለች።

ቅርስ

ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኃይል እየወሰደ በከተማ ውስጥ የሚሄድ ባቡር ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል። በ2008 ዓ.ም. (በ2015 እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ከዚህ ወገን ነው። በዘመናዊ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ላይ ሞተሩ ፍጥነትን እየቀነሰ ኃይል መመለሱ የተለመደ ሆኗል፤ ባቡሩ ሊቆም ሲቃረብና ከቆመ በኋላ ግን ዛሬም የሚይዘው በሰበቃ የሚሠራ ሜካኒካል ፍሬን ነው።