ጆሮ በልጅነት ይቃኛል
(እቴጌ ጣይቱ ብጡል በእንጦጦ ማርያም ደጅ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዐቢይ ጾም ወራት ቤተ ክርስቲያናችን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ከበሮው ያርፋል፣ ጸናጽሉ ይቀመጣል፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ እየዘመሙ ጾመ ድጓውን ያደርሳሉ። በየቤቱም በገና ከተሰቀለበት ይወርዳል። ይህ ሁሉ የኀዘን ምልክት ብቻ አይደለም፤ ጆሮአችን እንዲሰማ ነው።

ታዲያ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ልጆቻችን እግዚአብሔርን መስማት ከማን ይማራሉ? ከሥጋና ከወተት መከልከልን አስተምረናቸዋል። ጸጥ ብሎ መቀመጥን ግን ማን አሳያቸው? ይህን የምጽፍላችሁ እኔም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለሁም። አንድ ቀን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ እግዚአብሔር እንደመለሰልኝ በምን አውቃለሁ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ዝም ብለህ ጸልይ ብዬ አለፍኩት። ልጁም ዝም አለ፤ ግን መጸለይ ከመማር ይልቅ አለመጠየቅን የተማረ መሰለኝ።

ስለዚህ ዛሬ አንድ የምታውቋቸውን ሰው ሕይወት ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። እቴጌ ጣይቱ ብጡልን። ከቅዱሳን ተርታ ልናሰልፋቸው አይደለም። ቁጣም፣ ክርክርም፣ የሥልጣን ትግልም የነበረባቸው እንደ እኛው ሰው ናቸው። በዐድዋና በአዲስ አበባ ስማቸውን ሁላችን እናውቃለን። በልጅነት የተማሩትንና በእርጅና የተጠጉበትን ደጅ ግን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም።

በልጅነት የተሰጣቸው

ጣይቱ የተወለዱት በ1843 ዓ.ም. ገደማ ከሰሜን የመሳፍንት ወገን ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ፈትልና የቤት ሙያ እንጂ ፊደል አይሰጣትም ነበር። ለእርሳቸው ግን ተሰጣቸው። በጎጃም በደብረ መዊ ገዳም እንደተማሩ ይነገራል። አማርኛ ማንበብና መጻፍ፣ ግእዝ፣ ቅኔ፣ ደግሞም በገና መደርደር ያውቁ ነበር።

ልብ በሉ ምእመናን! እነዚህ ሁሉ ከአፍ በፊት ጆሮን የሚያስተምሩ ናቸው። በንባብ ቤት ልጁ መምህሩ ያሉትን ሰምቶ ይደግማል፤ ከፊደል ተነሥቶ ዳዊት እስኪደግም ድረስ የመጀመሪያ ሥራው መስማት ነው። ቅኔ ደግሞ ከሰሙ ሥር ያለውን ወርቅ ይፈልጋል። ችኩል ሰው ሰሙን ብቻ ሰምቶ ይሄዳል፤ ታጋሽ ግን ወርቁን እስኪያገኝ ይቆያል። በገናውስ? ዐሥር አውታር አለው፤ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ጫጫታ ባለበት ቤት ማንም አይሰማውም። ደርዳሪው መጀመሪያ አውታሩን ይቃኛል፤ ሲቃኝም አጎንብሶ፣ ጆሮውን ሰጥቶ ነው። ሳይቃኝ ቢደረድር ድካሙ ከንቱ ነው።

እንዲህ ያለ ትምህርት የቀመሰ ልጅ ጸጥታን አይፈራም። የዛሬ ልጆቻችን ግን ጸጥታ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ? ወዲያው ስልክ ይፈልጋሉ። እኛስ ብንሆን?

በዘውዱ ዘመን

በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ልጅ ግን አልወለዱም። ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ ተራራ ነበር፤ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ ነፋሱ አጥንት የሚሰብር ቦታ ነው። እቴጌ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት ያሠሩበትን ሜዳ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ተቀቡ። ሁለት ቀን ቆይቶ ጣይቱም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ያን ጊዜ የእመቤታችን ደጅ በሠራዊትና በእልልታ ተሞልቶ ነበር። የውጫሌ ውል ጠብ ሲያመጣ ከማይበገሩት ወገን ሆኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከሠራዊቱ ጋር ነበሩ፤ ለተጠማውና ለቆሰለው ውሃ እንዲደርስ አደረጉ። በኢየሩሳሌምም ለኢትዮጵያውያን ቤት አሠሩ። ይህን ሁሉ ታውቁታላችሁና አላስረዝመውም።

ሁሉ ሲወሰድ

ከዚያ ዐፄ ምኒልክ ታመሙ። ሕመሙ ጸንቶ አንደበታቸው ሲያዝ የመንግሥቱ ሸክም በእቴጌ ላይ ወደቀ። ተፎካካሪው በዛ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን አራቋቸው። ትናንት ሲናገሩ አገር ያዳምጣቸው የነበሩት፣ ከእንግዲህ ባለቤትዎን ብቻ ያስታሙ ተባሉ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ እመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት በዓለ በአታ በሚከበርበት ዕለት፣ ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ። እቴጌም ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ተላኩ።

እስቲ አስቡት። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ዘውድ ወደጫኑበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተመለሱ። ዘውዱ የለም። ባል የለም። የሚያጽናና ልጅ የለም። ሠራዊቱና እልልታው ከታች ከከተማው ቀርቷል። የቀረው የሌሊቱ ማሕሌት፣ የቅዳሴው ደወልና የተራራው ጸጥታ ነው።

በ1909 ዓ.ም. መስከረም ልጅ ኢያሱ ወርደው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ፣ ተመልሰው ከእርሳቸው ጋር እንዲኖሩ ቢጋብዟቸው እሺ አላሉም። በኅዳር 1910 ዓ.ም. ግን የመጨረሻ ዘመኔን በጎንደር ልፈጽም ብለው ለመኑ። አልተፈቀደላቸውም። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው በታዕካ ነገሥት በአታ ለማርያም ከባለቤታቸው ጋር ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እግዚአብሔርን የሰማ ሰው ሁሉ የለመነውን ያገኛል ብለን ልጆቻችንን ካስተማርን እንዋሻቸዋለን። እቴጌ ጎንደርን ለመኑ፤ የተሰጣቸው እንጦጦ ነው። ልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እኛ የምናየው ግን ይህን ነው፤ ሁሉ ከተወሰደባቸው በኋላ በልጅነት የተማሩትን የሚወስድ አልነበረም። ዳዊቱን መኳንንት አይሽሩትም። የተቃኘ ጆሮ በዐዋጅ አይነጠቅም።

እኛ ምን እናድርግ?

ብላቴናው ሳሙኤል በቤተ መቅደስ ተኝቶ ሳለ ድምፅ ሰማ። መስማቱንስ ሰማ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ ግን አላወቀም። ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ዐይኑ የደከመ፣ የገዛ ልጆቹን መገሠጽ ያቃተው አባት ነበር። ቢሆንም ለሳሙኤል የሚያስፈልገውን አንድ ነገር አደረገ፤ የሚጠራህ እግዚአብሔር ነውና ተመለስ፣ ተኛ፣ ሲጠራህም አድምጥ ብሎ አመለከተው። አልተቆጣም። በእርሱ ፈንታም አልሰማለትም።

የእኛም ድርሻ ይኸው ነው። በዚህ ጾም ማታ ማታ ከልጃችሁ ጋር አንድ መዝሙረ ዳዊት ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ስልካችሁን አስቀምጡ፤ የልጁን ብቻ ሳይሆን የራሳችሁንም። ካነበባችሁ በኋላ ጥቂት ዝም በሉ። ከዚያ የትኛው ቃል ልቡን እንደነካው ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁ ወደ ስብከት አትሩጡ። ምንም አልሰማሁም ቢላችሁም አትደንግጡ፤ በገናም በአንድ ቀን አይቃኝም። በልቡ የመጣው ሐሳብ ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ እንዳይመስለው ደግሞ፣ ከቅዱስ ቃሉ ጋር እንዲያመዛዝነውና ለንስሐ አባቱ እንዲነግር አስተምሩት። ሳሙኤልም ወደ ካህኑ ሮጧልና። ለእኔም ልጅ ያን ቀን ልመልስለት የሚገባኝ ይህ ነበር።

አንተ ልጅ፣ አንቺም እኅቴ፣ ይህን ጽሑፍ ከወላጆቻችሁ ትከሻ በላይ አሻግራችሁ የምታነቡ ከሆነ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው ከእንጦጦ ፓርክ ለመዝናናት ስትወጡ፣ መዝናናቱ ደግ ነው፣ ወደ ማርያም ደጅም ጎራ በሉ። የጆሮ ማዳመጫችሁን አውልቁ። ግንቡን ተሳልማችሁ ጥቂት ቁሙ። መጀመሪያ የባሕር ዛፉን ነፋስ ትሰማላችሁ፤ ቀጥሎ የገዛ ሐሳባችሁን። እዚያ ላይ ሰልችቷችሁ አትመለሱ። አንዲት የዳዊት ቃል ይዛችሁ ቆዩ። ዛሬ ጤናውም፣ ቤተሰቡም፣ ጓደኛውም ሞልቷል። ሁሉም ዝም የሚልበት ቀን ግን ለእቴጌም መጥቷል፣ ለእኛም ይመጣል። ለዚያ ቀን ጆሮአችሁን ከአሁኑ ቃኙት።

ልጆቻችንን የሚሰማ ልብ ይስጥልን፤ እኛንም እንደ ዔሊ አመልካች እንጂ እንቅፋት አያድርገን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።