ቫቪሎቭና የእናቴ ጎታ

አለማያ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት ላስታ ስመለስ፣ እናቴ ለዘር ያወጣችውን ስንዴ ቁጭ ብዬ ለቀምኩላት፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። ድብልቅ ዘር መዝራት ኋላ ቀርነት ነው እያልኩ አስተማርኳት። ዝም ብላ ስታየኝ ቆየችና፣ ስጨርስ መልሳ ደባለቀችው። ልክ እሷ እንደነበረች የገባኝ ቆይቶ፣ የኒኮላይ ቫቪሎቭን ሕይወት ሳነብ ነው።

መቼም ስሙን ለፈተና ያልሸመደደ የግብርና ተማሪ የለም። ሕይወቱን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ተወለደ። ረሃብ በሚመላለስባት አገር ያደገ ሰው ስለሆነ፣ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገው ዘርን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ አዳቃይ ባዶ እጁን ምንም ማድረግ አይችልም። ዋግን የሚቋቋመው ወይም ድርቅን የሚችለው ባሕርይ መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ ዓለምን እየዞረ ዘር ሰበሰበ።

እ.ኤ.አ. በ1927 በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን መጣ። ከራስ ተፈሪ ፈቃድ አግኝቶ፣ በቅሎ አስጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ወጣ። ከላስታ በስተምዕራብ፣ በጎንደር አድርጎ አክሱም፣ ከዚያም አስመራ ደረሰ። ጥቁር ፍሬ ያለው ስንዴና ጢም የሌለው ዱረም ስንዴ ሲያገኝ ተደነቀ። የዱረም ስንዴ መነሻው ኢትዮጵያ ናት ብሎም ደመደመ። በዚህ ተሳስቷል፤ ስንዴ መጀመሪያ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ እንደሆነ በኋላ ተረጋግጧል። የገበሬዎቻችን ማሳ የያዘውን የዝርያ ብዛት ግን ያየው በትክክል ነው።

መጨረሻው ያሳዝናል። የዘረመል ሳይንስን የሚክደው ሊሴንኮ በስታሊን ዘንድ ተሰሚ ሆነ፤ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1940 ዩክሬን ውስጥ ዘር ሲሰበስብ ታሰረ። እ.ኤ.አ. ጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ፣ በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ በ55 ዓመቱ ሞተ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከብባ በነበረ ጊዜ፣ ከባልደረቦቹም በርካቶቹ የሰበሰበውን ዘር እየጠበቁ፣ ሳይበሉት በረሃብ ሞቱ።

ይህን ሳነብ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ትዝ አለኝ። እኛ ቤት ዘሩ ተበላ፤ ማን ይፈርዳል? ልጅ እየራበው ዘር አይጠበቅም። ጥቁሩ ስንዴ ከቤታችን የጠፋው ያኔ ነው።

ደግነቱ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንክ ተቋቁሞ ነበር። ከዚያ የወጡ 400 ያህል የዱረም ስንዴ ናሙናዎች በ2004 ዓ.ም. ጎረቤታችን መቄት፣ ገረገራ ላይ ተዘሩ። የመረጡት ደግሞ ተመራማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ የአካባቢው ገበሬዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ በየመደቡ እየዞሩ ነጥብ ሰጡ። ከአገሬው ዘሮች አንዳንዶቹ ከተሻሻሉት ዝርያዎች በልጠው ተገኙ። እኔም ሄጄ አየሁ። አንዱን ዛላ አሽቼ መዳፌ ላይ ብተነፍሰው፣ ፍሬው ጥቁር ነው። እናቴ ይህን ሳታይ አልፋለች።

ዛሬ የምታስተምሩ መምህራን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቫቪሎቭን ስታስተምሩ ሕይወቱንም ንገሯቸው። ተማሪዎቹ ለክረምት አገራቸው ሲገቡም ከእናታቸው ጎታ አንድ እፍኝ ዘር፣ ከነስሙና ከነታሪኩ ይዘው ይመለሱ። እንደኔ ግን እንዳይለቅሙት አደራ።