አላን ቱሪንግና የወረቀቱ ቼዝ ተጫዋች

ዛሬ የምናነሣው ሰው በቼዝ ጎበዝ አልነበረም። አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1912 ለንደን ተወለደ፤ ካምብሪጅ ሒሳብ ተማረ፤ በ1936 በጻፈው ጥናት የኮምፒዩተርን ሐሳብ ከመሣሪያው በፊት አፈለቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን የኤኒግማ ምሥጢር ከፈቱት አንዱ ነው። አብረውት ይሠሩ ከነበሩት የቼዝ ሊቃውንት መካከል ሃሪ ጎሎምቤክ ንግሥቱን አስቀድሞ አውጥቶ ይገጥመውና ያሸንፈው ነበር። እንግዲህ ለመኪና ቼዝ ላስተምር ብሎ የተነሣው ይኸው ሰው ነው!

በ1948 ከወዳጁ ከዴቪድ ቻምፐርናውን ጋር የመጫወቻ ደንብ አወጡ። ደንቡን የሚሠራ ኮምፒዩተር ስላልነበረ ቱሪንግ ራሱ መኪናውን ሆነ፤ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሲያሰላ ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ደንቡ እንዲህ ነው። ወታደር 1፣ ፈረስ 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 10 ነጥብ አላቸው። መኪናው የራሱን እርምጃና የባላጋራውን መልስ ሁሉ ያያል። ከዚያ ወዲያ የሚከተለው መበላላቱን ብቻ ነው፤ እሱ ሲበርድ ነጥብ ይቆጥራል። ብልህነቱም ድክመቱም እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሲወሳሰብ የሚገድለው ሁልጊዜ የሚበላው እርምጃ አይደለም፤ ምንም ሳይነካ መጥቶ የሚቆመውም አለ።

በ1952 አሊክ ግሌኒ የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ ደንቡን ገጠመው። በ29ኛው እርምጃ የደንቡ ንግሥት ጠባቂ የሌለው ወታደር አየችና በላች። ግሌኒ ዝም ብሎ ግንቡን ፊት ለፊቷ አቆመ። ከኋላዋ ንጉሡ አለ፤ ከመስመሩ እንዳትወጣ ታሰረች። ግንቡን ብትበላ ሌላው ግንብ ይበላታል። በደንቡ ሒሳብ ግን ገና ምንም ስላልተበላ አንድ ወታደር ትርፍ ነበር። ጨዋታው እዚያው አበቃ።

እኛ ይህን ሽንፈት ከብዙ ድል እናስበልጠዋለን፤ መኪና ማየት የሚያቆምበትን ቦታ በጣት ያሳያልና። በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ወሰኑን እጅግ አራቁት፤ በ1997 ዲፕ ብሉ የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን እስከ ማሸነፍ ደረሰ። ወሰኑ ግን ራቀ እንጂ አልጠፋም።

ቱሪንግ ደንቡን በማንችስተር ኮምፒዩተር ላይ መጻፍ ጀምሮ አልጨረሰውም። በ1952 በአገሩ ሕግ በግብረ ሰዶም ተከሶ ተፈረደበት፤ በ1954 በ41 ዓመቱ በሲያናይድ መርዝ ሞተ። የእንግሊዝ መንግሥት ምሕረት ያደረገለት በ2013 ነው፤ ምን ይጠቅመዋል! ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በተወለደ በ100 ዓመቱ፣ ደንቡ በኮምፒዩተር ተጽፎ ማንችስተር ላይ ካስፓሮቭን ገጠመ። 16 እርምጃ ቆየ።