መሐመድ አሚንና የኮረሙ ፊልም

አዲስ ፊልም ለሕዝብ ሲቀርብ ገምጋሚው አብዛኛውን ጊዜ የታሪኩን አወቃቀር፣ የተዋንያኑን ችሎታና የምስሉን ጥራት ይመረምራል። ተዋናይ የሌለበት፣ ታሪኩም እውነተኛ ሰቆቃ የሆነ ፊልም ግን በምን ሚዛን ይመዘናል? የካሜራ ባለሙያው የመሐመድ አሚን ሕይወትና ሥራ ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያስገድደናል።

መሐመድ አሚን በነሐሴ 1935 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ ተወለደ፤ ያደገው ግን በዳሬሰላም ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረው ገና ተማሪ ሳለ ሲሆን፣ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሞላው ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ለቪዝኒውስ የዜና ፊልም ድርጅት እየሠራ የአፍሪካን ጦርነቶችና የመንግሥት ለውጦች ተከታተለ።

ከዋጃ ተነሥቶ፣ አላማጣን አልፎ፣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ዳገት የወጣ መንገደኛ ኮረምን ያገኛል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ በዚያች ከተማ ከወሎና ከትግራይ የተሰደዱ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ረኀብተኞች ሜዳ ላይ ሰፍረው ነበር። በቀጣዩ ወር መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል ቡርክ ጋር ደርሶ የንጋቱን ብርድና በጨርቅ የተጠቀለሉትን አስከሬኖች ቀረጸ። ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ያሳየውን ይህን ፊልም ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዳስተላለፉትና 470 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንዳየው ይገመታል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤድ የተሰኘው የሙዚቃ ዝግጅትም ፊልሙ የቀሰቀሰው እንቅስቃሴ ውጤት ነበር።

ድልድይ በውበቱ ብቻ ሳይሆን በሚሸከመው ጭነት እንደሚመዘን የሙያ ባልደረቦቼ ያውቃሉ። በዚህ ሚዛን የኮረሙ ፊልም ከባድ ጭነት ተሸክሟል። ካሜራው ሳይጣደፍ ሜዳውን በዝግታ ይቃኛል፤ ተመልካቹም ፊቱን ለማዞር ፋታ አያገኝም። የተላከው እርዳታ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ይሁን እንጂ ጉድለትም አለበት። ድርቁ በዓይን ሲታይ፣ ረኀቡን ያባባሱት ጦርነትና የመንግሥት ፖሊሲ በካሜራ ፊት አይቆሙም። የሟቾቹም ስም አልተነገረም። ያ ምስል አገራችንን በውጭ ሰው አእምሮ ውስጥ ለረጅም ዘመን የረኀብ ምሳሌ አድርጓታል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የድምፅ ባለሙያው ጓደኛው ጆን ማታይ ሞተ፤ መሐመድ አሚንም ግራ ክንዱን አጣ። ሆኖም በኤሌክትሮኒክ የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ፣ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ጠረፍ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እርሱ ሆነ።

መሐመድ አሚን ዓለም እንዲያይ አድርጓል፤ ይህም የአንድ ካሜራ ባለሙያ ግዴታ ነው። የሟቾቹን ስምና የረኀቡን ምክንያት አሟልቶ መናገር ግን የእኛ የአገሩ ልጆች ዕዳ ነው።